ወፍራሙ መርፌ

የስፌት ማኅበራችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰበው ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ሰው የሰጠንን አሮጌ ልብስ እንቆርጣለን፤ ቁርጥራጩን አጋጥመን ለታመሙ ሕፃናት ብርድ ልብስ፣ ከሆስፒታል ለሚወጡ ሰዎች ደግሞ ዕቃ መያዣ ቦርሳ እንሰፋለን። ሊጎበኘን የሚመጣ ሁሉ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይለናል። እስካሁን ያሰርነው አንበሳ የለም፤ ከክሩ ጋር የምንታገለው ይበቃናል።

ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ሻለቃ እንላታለን። ወታደር ቤት ደርሳ አታውቅም፣ ግን ስታዝ ወንበሩ ራሱ ብድግ የሚል ይመስላል። ቁጣዋ ቅርብ ነው፤ ስፌቷ ግን በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ይህን ፊቷ ላይ ነግሬያት አላውቅም፤ ትጠግባለች።

ከሁላችንም ትልቋ እማማ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሆስፒታል ጋውን ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ መቀስ አያያዝ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ኋላ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። በቀጭን መርፌ ክር ማስገባት ሲያቅታቸው ጆንያ የሚሰፋበትን ወፍራም መርፌ ከቤታቸው ይዘው መጡ። «የዚህስ ቀዳዳ በር ነው፤ ጎንበስ ሳልል እገባበታለሁ» ብለው አሳቁን። ስፌታቸው ግን እያደር መንገዱን ሳተ። የመርፌው እርምጃ አንዴ ረጅም፣ አንዴ አጭር ሆነ፤ ጥግ ላይ ሲደርስ ደግሞ ወደ ውጭ ይወጣል።

አንድ ቀን ከሆስፒታሉ አንዲት ነርስ ማንጠልጠያው የተበጠሰ ቦርሳ ይዛ መጣች። እማማ የሰፉት ነበር። የያዘው ሽማግሌ ገና ከበሩ ሳይርቅ ተበጥሶበት የመድኃኒቱ ጠርሙስ ተሰብሯል። ሻለቃ ይቅርታ ጠይቃ ነርሷን ሸኘች፤ ለእማማ ግን ትንፍሽ አላለችም።

«ብነግራቸው ቅስማቸው ይሰበራል፤ ሁለተኛ እዚህ አይመጡም» አለችን። «ከቅዳሜ ሌላ ደግሞ ምን ቀራቸው?»

ከዚያ በኋላ እማማ ተሰናብተው እንደወጡ የሰፉትን እየተረተርን እንደገና እንሰፋው ጀመር፤ እኔ በስፌት መኪና፣ ሻለቃ በእጇ። በሳምንቱ እማማ ሲመጡ ሥራውን ደበስ ደበስ ያደርጉና «ተመስገን፣ እጄ አልከዳኝም» ይላሉ። ያኔ ማናችንም ከሥራችን ቀና አንልም።

መጨረሻ የሰፉት ባለ ሰማያዊ ጠርዝ ትንሽ ብርድ ልብስ ነበር። ሴት ልጃቸው ስንት ዓመት ልጅ ስትመኝ ኖራ ያኔ አርግዛ ነበር። «ይቺ ለልጅ ልጄ ናት። እዚሁ አስቀምጡልኝ፤ ሲወለድ በእጄ እሰጣለሁ» አሉ። ያንንም ተረተርነው። ሻለቃ ጠርዙን ዙሪያውን አሳምራ ሰፍታ መደርደሪያው ላይ አኖረችው። ሌላውን ሥራ ከመስጠታችን በፊት እናጥባለን፤ ይህ ግን ቀኑ ስላልደረሰ ሳይታጠብ ቆየ። እማማ ተመልሰው አልመጡም። በዚያው ሳምንት በተኙበት ዐረፉ።

ልጃቸው መውለጃዋ ሲቃረብ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ሆዷ ቀድሟት ነው የገባው። ወንበር ሳብንላት።

«እናቴ እዚህ አንድ ነገር አስቀምጣልኝ ነበር» አለች። «የቤቱን ዕቃ ወንድሞቼ ይውሰዱት። እኔ እጇ ያረፈበትን ብቻ ነው የምፈልገው። ልጄን በሱ ልቀበለው።»

ሻለቃ ብርድ ልብሱን አውርዳ ሰጠቻት። ልጅቷ በጣቷ ጠርዙን ዳር እስከ ዳር ተከተለችውና ጉንጯ ላይ አደረገችው።

«ቀጥ ያለ ነው እኮ» አለች። «ዓይኗ እንደዚያ ሆኖ እንዲህ ትሰፋ ነበር?»

ዝም በይ እያልኩ ሻለቃን በዓይኔ ለመንኳት። ልጅቷ ደስ ብሏት ብትሄድ ማን ይጎዳል? ሻለቃ ግን ነገር በሆዷ የሚያድርላት ሴት አይደለችም። ለእማማ ስትል ያን ያህል መቻሏ ራሱ ከአቅሟ በላይ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ የእናትሽ ስፌት አይደለም» አለች። «የኔ ነው።»

ከዚያ ስለ ማንጠልጠያውም፣ ስለ መተርተሩም አንድ በአንድ ነገረቻት። ምንም አላለዘበችም። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ሁሉንም?» አለች።

«ሁሉንም።»

«አንድ እንኳ አልተዋችሁም?»

ልጅቷ ብርድ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ትታ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሳች።

የማደርገው ጠፍቶኝ ብርድ ልብሱን አነሳሁና በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋሁት። ሥራ ሲያልቅ ያመለጠ ቦታ እንዳለ የምናየው እንደዚያ ነው። ሰማያዊው ጠርዝ ስስ ጨርቅ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል። ከሻለቃ ቀጥ ያለ ስፌት ጎን ትናንሽ ቀዳዳዎች ታዩኝ። አንዱ ከሌላው ይርቃል፣ አንዱ ይቀርባል፤ ገባ ወጣ እያሉ ጠርዙን ይዞራሉ። ቀጭን መርፌ ቢሆን ጨርቁ ቶሎ ይገጥም ነበር፤ የጆንያው መርፌ ግን በስቶት አልፏል። አጥበነው ቢሆን አንዱም አይቀርም ነበር።

«ቆይ፣ አትሂጂ» አልኳት። «ነይና እዪው።»

መጥታ አጠገቤ ቆመች። ጣቷን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው እያሳለፈች ሄደች። ጥግ ላይ፣ ቀዳዳዎቹ ወደ ውጭ በወጡበት፣ ቆመች።

«እዚህ ጋ ደክሟት ነበር» አለችና አለቀሰች። እኛም አብረን አለቀስን።

ሻለቃ መተርተሪያዋን አነሳች። ያን የመሰለ ስፌቷን ከዳር እስከ ዳር ተረተረችው። ከዚያ መርፌ መሰኪያው ላይ እማማ እንደሰኩት የቆየውን ወፍራም መርፌ ነቅላ ክር አስገባችበትና ለልጅቷ ሰጠቻት።

«መስፋት አልችልም እኮ» አለች ልጅቷ። «ላስተምርሽ ስትለኝ ሥራ አለብኝ እላት ነበር።»

«መንገዱን እሳቸው ጨርሰውታል» አለች ሻለቃ። «አንቺ ቀዳዳውን ብቻ ተከተይ።»

ቀኑ እስኪመሽ ሰፋች። አንዴ ረጅም፣ አንዴ አጭር፣ ጥጉ ላይ ወደ ውጭ የወጣ። ሻለቃ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ስፌቱ ሲጣመም አጠገቧ ተቀምጣ አየች። ሲያልቅ ተቀበለቻትና ዓይኗን ጨፍና ጠርዙን ደበስ ደበስ አደረገችው።

«እጃቸው አልከዳቸውም» አለች።