የቀዳሚው ሰሌዳ

የደብረ ብርሃን ተራራ ነጂዎች ክለብ አምስት መኪና፣ አሥራ አንድ አባልና ሁለት ሕግ አለው። ሁለቱንም ያረቀቀው ፕሬዚዳንቱ ኃይለ ገብርኤል ነው። አንደኛ፣ ቀዳሚ ራሱ ያልነዳበትን መንገድ ሌላውን አያስነዳም። ሁለተኛ፣ የተጎተተ አይቀድምም። ቀዳሚ ማለት ከሰልፉ ፊት የሚነዳው ሰው ነው፤ መኪናው አፍንጫ ላይ «ቀዳሚ» የሚል ቀይ የቆርቆሮ ሰሌዳ ያስራል። ያልገባው ቢኖር ተብሎ ከሥሩ በእንግሊዝኛም ተጽፏል።

ሰሌዳው ከኃይለ ገብርኤል ላንድክሩዘር ላይ ሦስት ዓመት አልወረደም። በሚሠራበት ፋብሪካ የመጋዘን ኃላፊነቱን ለአንድ ጎረምሳ አስረክቦ «አማካሪ» ከተባለ ወዲህ ማንም አማክሮት አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አራት መኪና ይከተለዋል። ዘንድሮ ደግሞ ሰሌዳውን የምትፈልግ ሰው ተነሥታለች፤ ሠናይት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመንገድ ሥራ ታስተምራለች፤ በአሮጌ ሱዙኪ ከሰልፉ መጨረሻ ትነዳለች፤ ከአባላቱ ስምንቱን ከጭቃ ጎትታ አውጥታለች። ኃይለ ገብርኤልን ገና አልጎተተችውም።

ሰሌዳውን ላለመልቀቅ አዲስ መንገድ አስፈለገው። ከጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ፣ ከጥርጊያው ውጭ፣ ጎማ ያልነካው ቁልቁለት። አንድ ችግር ነበር። ኃይለ ገብርኤል ገደል ይፈራል፤ ብቻውን ሲሆን ደግሞ የበለጠ ይፈራል። ስለዚህ ከጉዞው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ጎረቤላ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ቄስ ወልደአረጋይን ጠበቃቸው። ቄሱ በየሳምንቱ ቆላ ያለ ወንድማቸውን ለመጠየቅ በበቅሎ ይወርዳሉ።

«አባ፣ ይችን ስልክ በኪስዎ ይዘውልኝ ይውረዱ። ሲመለሱ እቀበልዎታለሁ።»

«ማን ሊደውልባት?»

«ማንም አይደውልም። የሄዱበትን መንገድ ትሥላለች።»

«ሥዕሉ ምን ያደርግልሃል፣ ልጄ? መንገዱ እንደሆነ እዚያው ነው።»

ሆኖም ወሰዱለት። ስልኩ በማግስቱ የተጠማዘዘ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ይዞ ተመለሰ። ኃይለ ገብርኤል መስመሩን ለአባላቱ ሲልክ ከሥሩ «ብቻዬን ወርጄ የሞከርኩት» ብሎ ጻፈ። ዘጠኝ ሰው አጨበጨበለት። ሠናይት አላጨበጨበችም።

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤላ ላይ ጉም ነበር። አምስቱ መኪኖች ተሰለፉ። የኃይለ ገብርኤል ላንድክሩዘር ወንዝ ለመሻገር የሚረዳ ረጅም የአየር ቱቦ ተገጥሞለታል፤ ከመኪና ማጠቢያ ውኃ በቀር ሌላ ውኃ አያውቅም። የክለቡ ጸሐፊ ዘርአ ዳዊት፣ በሥራ ቀን ፋርማሲ ውስጥ ሽሮፕ የሚሸጥ ሰው፣ ሬዲዮውን በሁለት እጁ ይዞ «ንስር ሁለት ዝግጁ» ይላል። ንስር አንድ ኃይለ ገብርኤል ነው። ሬዲዮ እንዳያስፈልጋቸው ሆነው ጎን ለጎን ቆመዋል።

ሠናይት ስልኳን ይዛ ቀረበች። «ጋሽ ኃይሌ፣ አማካይ ፍጥነትህ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ነው።»

«ጥንቃቄ ነዋ፣ እህቴ። ተራራ አይቸኮልም።»

«ቤተ ክርስቲያን ባየህ ቁጥር ቆመሃል።»

«ክርስቲያን አይደለሁ?»

«እዚህ ታች ያለውን ደግሞ ሦስት ጊዜ ዞረኸዋል።»

ኃይለ ገብርኤል መስመሩን እንዲህ ተጠግቶ አይቶት አያውቅም። እውነትም ሦስት ክብ አለ። «መውጫው እዚያ ጋ ያስቸግራል» አለ። «ስትደርሱ ታዩታላችሁ።»

ወረዱ። ጭላዳዎቹ ሣር መንጨታቸውን ሳያቋርጡ አሳለፏቸው። አንድ ሰዓት ከተጓዙ በኋላ ሜዳማ ገመገም ላይ አጥር ያልተሠራላት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ታየች። ከእሷ ወዲያ ቁልቁል የሚወስደው መውጫ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የሚያስቸግር ነገር የለውም። ሬዲዮው ተንጫረረ፤ ዘርአ ዳዊት ነው።

«ንስር አንድ፣ መስመሩ ይዞራል። እንዙር ወይስ እንለፍ?»

ኃይለ ገብርኤል አሰበ። ካልዞረ፣ ያን ለት ለምን ዞርክ ይባላል። «መስመሩን ጠብቁ» አለ።

አምስት መኪና መብራቱን አብርቶ ቤተ ክርስቲያኗን ዞረ። በሁለተኛው ዙር ደጀ ሰላሙ አጠገብ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። በሦስተኛው ዙር ዘርአ ዳዊትን በመስኮት ጠየቁት። «ምን ተስላችሁ ነው፣ ልጆቼ?»

«ለክለቡ ነው፣ እማማ።»

«ስለታችሁ ይስመር።»

ከዚያ በኋላ መንገዱ መንገድነቱን እየተወ ሄደ። ግራና ቀኙ የእርከን ካብ ነው፤ ስፋቱ ጭነት ለጫነች በቅሎ ይበቃል። መጀመሪያ የቀኙ ስፖኪዮ ተሰበረ፣ ቀጥሎ የግራው፤ በመጨረሻ ላንድክሩዘሩ ከሁለቱ ካቦች መካከል እንደ ውታፍ ተሰካ። ፊት ለፊቱ የድንጋይ ደረጃ አለ። በሮቹ አይከፈቱም። ኃይለ ገብርኤል ቀበቶውን እንዳሰረ ተቀመጠ።

ሠናይትና ዘርአ ዳዊት በካቡ ላይ ተሻግረው ከመኪናው ፊት ሲደርሱ፣ ቄስ ወልደአረጋይ በቅሏቸውን እየሳቡ ደረጃውን ይወጣሉ። በቅሎዋ ከመኪናው አፍንጫ ጋር ተፋጠጠችና ሰሌዳውን አሸተተች።

«እንደምን ዋላችሁ» አሉና በመኪናው የፊት መስተዋት ወደ ውስጥ ተመለከቱ። «ስልክ የሰጠኸኝ ልጅ አይደለህም እንዴ?»

ኃይለ ገብርኤል የጎኑን መስኮት ዘጋ።

«የቱን ስልክ፣ አባ?» አለች ሠናይት።

«መንገድ የምትሥለዋን። ወንድሜ ዘንድ ስወርድ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ሥዕሉ አልወጣም?»

«ወጥቷል። ቤተ ክርስቲያኗን ሦስት ጊዜ የዞሩት እርስዎ ነዎት?»

«ስለ ወንድሜ ነው። ትኩሳቱ እንዲለቀው።»

«ለቀቀው?»

«ለቀቀው፣ ይመስገን። እናንተም ዞራችሁ? የታመመ አላችሁ?»

ዘርአ ዳዊት መኪናው ውስጥ ያለውን ሰው አየው። «አለን» አለ።

ሠናይት ከኪሷ መፍቻ አወጣች። ዘርአ ዳዊት ሰሌዳው ወዴት እንደሚሄድ የገባው መስሎት «ለእንኳን ደስ ያለሽ ቸኮልኩ መሰለኝ፣ ግን እንኳን ደስ ያለሽ» አላት።

«እኔም አልነዳሁበትም» አለች። ሁለቱን ብሎን ፈትታ ሰሌዳውን ከበቅሎዋ ኮርቻ ኋላ በገመድ አሰረችው። ኃይለ ገብርኤል እጁን ከፊት መስተዋቱ ላይ አሳረፈ።

ቄሱ ሰሌዳውን በጥርጣሬ ዳሰሱት። «ታርጋ ነው? ግብር ያስከፍላል?»

«አያስከፍልም፣ አባ።»

«እንግዲያው ይሁን።»

በቅሎዋ ካቡ ፈረስ ባለበት በኩል ዘላ መኪናውን አለፈችው። አራቱ መኪኖች በኋላ ማርሽ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ተመለሱ። ሱዙኪዋ ሜዳው ላይ ዞራ የኋሊት ወርዳ መጣች፤ ጀርባ ለጀርባ በገመድ ታሰሩ። ላንድክሩዘሩ የኋሊት፣ ካቡን እየፋቀ፣ ዳገቱን ጀመረ። ኃይለ ገብርኤል ሊወርደው የነበረው ቁልቁለት ከፊቱ እየራቀ ሲሄድ ማየት ነበረበት። የተረፈችው የውስጥ መስታወት ብቻ ናት፤ በእሷ ውስጥ ከሱዙኪዋ ፊት፣ በበቅሎዋ ጀርባ ላይ፣ ቀይ ቆርቆሮ ከወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል።

ቤተ ክርስቲያኗ ጋ ሲደርሱ ቄሱ ሊሳለሙ ቆሙ፤ ሁሉም ቆመ። እማማ ቀረብ አሉ። «ይኼ የሚጎተተው ምን ሆኖ ነው፣ አባ?»

«የታመመው እሱ ነው አሉኝ።»

«ይማረው» አሉ እማማ፣ በመስኮቱም አማተቡበት። ኃይለ ገብርኤል ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ።

ሬዲዮው ተንጫረረ። ዘርአ ዳዊት ነው፣ ከልማዱ። «ንስር አንድ፣ ንስር አንድ፣ መቼ እንነሣለን?»

ኃይለ ገብርኤል እጁን ዘረጋ። የሠናይት ድምፅ ቀደመው።

«በቅሎዋ ሬዲዮ የላትም፣ ዘርአ ዳዊት። ስትነሣ ተነሥ።»