የሃምሳ ደቂቃ ዝምታ

ሎጋምባል ስድሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በደርባን ስትኖር ውቅያኖሱን ከዳር ቆማ አየችው እንጂ ከጉልበቷ በላይ ገብታበት አታውቅም። ልጇ ኩማረን "እማዬ፣ በመርከብ ሽርሽር ልንወስድሽ ነው፤ ሞዛምቢክ ደርሰን እንመለሳለን፣ አራት ቀን" ሲላት በቻትስዎርዝ የሕንዶች ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቿ በቅናት ሊሞቱ ደረሱ። "አንቺማ ታድለሻል! የእኛዎቹ ገበያ እንኳን አይወስዱን" አሏት። ሎጋምባል ፈገግ አለች እንጂ እውነቱን ታውቀው ነበር። የምትሄደው ልጅ ልትይዝ ነው። የልጅ ልጇ ኒቫሻ ከተወለደች አሥራ አራት ወሯ ነው፤ በእነዚህ አሥራ አራት ወራት ወላጆቿ አንዲት ምሳ ሳትቀዘቅዝ በልተው አያውቁም።

ይህ አልከፋትም። ኒቫሻን ይዞ መዋል ለእሷ ሥራ አልነበረም። ያስከፋት ሌላ ነው።

"እማ፣ መርከብ ላይ እሳት ክልክል ነው" አለቻት ምራቷ ቲሩሻ፣ ሻንጣ እየሞላች። "ሻማ የለም፣ ካምፎር የለም። ወረቀቱ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ኋላ እንዳያሳፍሩኝ።"

"እኔ መቼ አሳፍሬሽ አውቃለሁ?"

"ባለፈው ሆቴል ነዋ! ሰው ሁሉ በፒጃማ ግቢ ወጥቶ፣ የእሳት አደጋ መኪና መጥቶ..."

"እሱ ጸሎት ነበር እንጂ ቃጠሎ አልነበረም።"

ኩማረን ከሳሎን ሆኖ ሳቁን ለቀቀው። ቲሩሻ ግን አልሳቀችም። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ቸኩላ የምትናገር፣ ቸኩላ የምትጸጸት ናት።

ሎጋምባል ባሏ ከሞተ ጀምሮ አንድ ማለዳ እንኳን ካምፎር ሳትለኩስ ውላ አታውቅም። ነጭ እንክብል ናት፤ ሽታዋ አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ በአማልክቱ ፊት ትለኮሳለች፣ አመድ ሳታስቀር ትጠፋለች። ደግሞም የሰው ዓይን የወደቀበትን ሕፃን የምታድነው እሷው ናት። ሦስት ጊዜ በራሱ ዙሪያ ትዞርና ትቃጠላለች፤ ዓይኑም አብሮ ይቃጠላል። የሎጋምባል እናት እንዲህ አድርጋ ዘጠኝ ልጆች አሳድጋለች። ሕፃን ልጅ ይዞ ሁለት ሺህ ዓይን ባለበት መርከብ ላይ ባዶ እጅ መሄድ ለሎጋምባል ዕብደት ነበር።

ስለዚህ በመነሻው ቀን ጠዋት ሰባት እንክብል ቆጠረች። ፈታሾች የሕፃን ዕቃ አይበረብሩም ብላ የኒቫሻን ባዶ የእርጎ ጠብታ ቆርቆሮ አነሳች። ቲሩሻ ለልጅቷ የምትገዛት፣ አፍ ውስጥ የምትሟሟ ነጭ ጣፋጭ አለች፤ የእሷ ቆርቆሮ ናት። ሰባቱን እንክብል እዚያ ከተተችና ከዳይፐሩ ሥር ቀበረችው።

ወደቡ ላይ ፈታሹ ኩማረን ካልሲ ውስጥ የደበቀውን በቃሪያ የታሸ የማንጎ አቻር አገኘበት። "የመርከብ ምግብ ቃሪያ የለውም፤ በምን እንብላው?" ብሎ ለመነ፤ ማንም አልሰማውም። የሕፃኗን ቦርሳ ፈታሹ ፈገግ ብሎ ሳይከፍት አሳለፈው። ሎጋምባል በልቧ ሳቀች።

በመጀመሪያው ቀን የሆነው ሁሉ የፈራችው ነበር። ኒቫሻ መራመድ ከጀመረች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። ዋናው ገንዳ ዳር ሙዚቃ ሲመታ እየተንገዳገደች መሐል ገባችና ቂጧን ታወዛውዝ ጀመር። ሰዉ ስልኩን አወጣ። አንዲት ነጭ አሮጊት "እነዚህን ዓይኖች ሰርቄ ልሂድ?" አለች። አንዱ አንስቶ ወደ ላይ ወረወራት፣ ሌላው ጉንጯን ቆነጠጣት። "ስታምር! ስታምር!" ይላል ሁሉም፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ግን እንትፍ ብሎ ዓይኑን የሰበረ አንድ ሰው አልነበረም። ሎጋምባል ጠዋት ዓይን እንዳይወድቅባት የልጅቷ ጉንጭ ላይ የነካቻትን የኩል ነጥብ ቲሩሻ "ፎቶ ታበላሻለች" ብላ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋታለች።

በማግስቱ ምድር ከዓይን ጠፋ፤ መርከቡም ቀስ እያለ ይወዛወዝ ጀመር። ኒቫሻ ከነቃች ጀምሮ አለቀሰች። ገንፎ ሲሰጧት ተፋች፣ ሲያቅፏት ወደ ኋላ ተለጠጠች።

"ጥርስ ነው" አለች ቲሩሻ።

"ጥርስ አይደለም።"

"እማ፣ እባክዎ አይጀምሩ።"

ከቀትር በኋላ ልጅቷ በድንገት ዝም አለች፤ ዓይኗ ፈዘዝ፣ ሰውነቷ ላላ ብሏል። ቲሩሻ የባሏን ክንድ ያዘች። "አንድ ሰዓት ብቻ፣ ላይኛው ፎቅ ምሳ በልተን እንመለሳለን። እንቅልፍ መጥቶባታል፤ አስተኟት፣ እማ።" ስትወጣ የልጇን ግንባር ሳመች።

ክፍሉ መስኮት አልነበረውም። ጣሪያው ላይ ጭስ የምታሸት ክብ ነገር ትንሽ ቀይ መብራቷን ብልጭ ድርግም ታደርጋለች። ሎጋምባል ያችን መብራት ቀና ብላ አየቻት፤ ሆቴሉም ትዝ አላት። እሳት አይሆንም። ግን ማዞሩስ? ሳይለኮስ ሦስት ጊዜ አዙራ ባሕር ብትወረውረውስ? ባሕር ከእሳት ምን ያንሳል? በዚህ ልቧ ረካ። የቲሩሻም ሕግ አይጣስ፣ ልጅቷም ትዳን።

ቆርቆሮዋን ከፈተች፣ አንዷን እንክብል በቀኝ እጇ ጨበጠች፣ አልጋው ላይ በተቀመጠችው ኒቫሻ ራስ ዙሪያ ሦስት ጊዜ አዞረች። ያየ ዓይን፣ ያልመረቀ አፍ፣ የጎረቤት፣ የእንግዳ፣ የራስም ዓይን ቢሆን ይውጣ አለች። ዓይን ያወጣ ሰው ቃል ሳይተነፍስ እጁንና እግሩን ይታጠባል። በሩ ክፍት ነው፣ ሁለት እርምጃ ነው ብላ መታጠቢያ ቤት ገባች። እንክብሏን ከገንዳው ጠርዝ ላይ አኑራ ታጠበች፤ እግሯን ማንሳት ለጉልበቷ ጊዜ ይፈጅባታል።

ስትመለስ ኒቫሻ ቆርቆሮዋን ታቅፋለች። የምታውቃት ቆርቆሮ ናት፤ ጣፋጯ ያለባት። ከንፈሯ ጫፍ ላይ ነጭ ነገር አለ፣ ፊቷን አኮማትራ ምላሷን ታወጣለች። ሎጋምባል ዘላ ያዘቻት፣ በጣቷ አፏን ጠረገች፤ ትንሽ ፍርፋሪ ብቻ ወጣ። ቆጠረች፤ ቆርቆሮዋ ውስጥ አራት አሉ። መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አንዲት። አልጋውን አራገፈች፣ በጉልበቷ ተንበርክካ ወለሉን ዳሰሰች። ሁለቱ የሉም።

ወተት መርዝ ይሽራል ሲባል ሰምታ ነበር፤ ጡጦ ሞልታ አጠጣቻት። ኒቫሻም ጠጣች፤ እንዲያውም ሳቀች። እሰይ፣ ምንም አልሆነችም! ለወላጆቿ ነግሬ ለምን አስደነግጣለሁ? አለች ሎጋምባል በልቧ። አምስቱን እንክብል መጸዳጃው ውስጥ ጣለችና ውሃ ለቀቀችባቸው። ሽታው እንዳያሳብቅ የልጅቷን ደረት የጉንፋን ቅባት ቀባችው። ይህን ሁሉ ስታደርግ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ የፈራች ሰው ነበረች።

ቲሩሻና ኩማረን እየሳቁ ገቡ። ኒቫሻ እጇን ዘረጋችላቸው፤ የተዘረጋው እጅ በዚያው ደርቆ ቀረ። ዓይኗ ወደ ላይ ተገለበጠ፣ መንጋጋዋ ተቆለፈ፣ ትንሿ ገላ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ቲሩሻ ጮኸች። ኩማረን ልጁን አቅፎ በባዶ እግሩ ሮጠ።

ክሊኒኩ ከመርከቡ ታችኛው ፎቅ ላይ ነው። ሲገቡ ሎጋምባል የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ ስምንት ሰዓት ከአርባ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ እጇ ፈጣን። መርፌ ወጋቻት፣ ኦክስጅን አደረገችላት፤ መንቀጥቀጡ ቆመ።

"የሚጥል በሽታ በቤተሰብ አለ? ወድቃ ነበር? የበላችው ነገር፣ የዋጠችው መድኃኒት አለ?"

"የለም" አለ ኩማረን። "እማዬ ናት አብራት የነበረችው። እማዬ?"

"ምንም" አለች ሎጋምባል።

ሐኪሟ ጎንበስ አለችና አሸተተች። "ይሄ ሽታ ምንድን ነው?"

"የጉንፋን ቅባት ነው፤ እኔ ነኝ የቀባኋት።"

እውነት ነበር፤ ሽታውም ያው ነው። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ልጅቷ ተመለሰች። ሎጋምባል ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አሁን እናገራለሁ አለች። ትንሽ ይቁም፣ ልጅቷ ትረጋጋ፣ ያኔ እናገራለሁ። ኒቫሻ እንደገና ተንቀጠቀጠች፤ ሐኪሟ እንደገና ወጋቻት። ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ። ሐኪሟ ወደ ስልኩ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ላቧን ጠረገች። "የማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል" አለች። "መንስኤውን ባውቅ ኖሮ ምን ላይ እንደምሮጥ አውቅ ነበር። እስቲ ደግማችሁ አስቡ። ትንሽ ነገርም ቢሆን።"

ያኔ ቲሩሻ ተንሰቀሰቀች።

"እኔ ነኝ" አለች። "ሽሮፕ ሰጥቻታለሁ። የአለርጂ ሽሮፕ፤ እንድትተኛ። ምሳ እንድንበላ ብዬ ነው።"

"ምን?" አለ ኩማረን።

"ግማሽ ማንኪያ ነው ኩማረን! ግማሽ ብቻ! ደክሞኝ ነበር..."

"ለምሳ? ልጄን ለምሳ ብለሽ?" ድምፁ ተሰበረ። ሎጋምባል ልጇ ሚስቱን እንዲህ ሲመለከት አይታ አታውቅም። ቲሩሻ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች፤ ወለሉ ላይ ተቀምጣ "እኔ ነኝ የገደልኳት፣ እኔ ነኝ" እያለች ጉልበቷን ትመታ ጀመር። ሐኪሟ "በግማሽ ማንኪያ እንዲህ አይሆንም" አለች፤ ሆኖም ጠርሙሱን ከክፍል አስመጥታ አገላብጣ ታየው ነበር።

ለሎጋምባል በር ተከፍቶላታል። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። ካምፎሩ በውሃ ሄዷል፣ ጥፋቱም ባለቤት አግኝቷል። ይህን ማሰቧን ራሷ ሰማችው፤ ሰምታም ቁጭ አለች። አምስት ደቂቃ ቁጭ አለች። ቲሩሻ ፀጉሯን ስትነጭ አየች። ልጇ ጀርባውን ለሚስቱ ሲሰጥ አየች። በዚያች ቅጽበት ራሷን ጠላች።

"ካምፎር ነው" አለች። "ሁለት እንክብል ውጣለች። ሽታው የቅባቱ አይደለም።"

ሐኪሟ ዘወር አለች። "መቼ?"

"ከምሳ በፊት... እነሱ እንደወጡ።"

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ለመቆጣት ጊዜ አልነበራትም። ስልኩን አንስታ "ሄሊኮፕተር፣ አሁኑኑ" አለች። ቲሩሻ ከወለሉ ቀና ብላ አማቷን አየቻት። 

ሄሊኮፕተሩ ከልጅቷ ጋር አንድ ሰው ብቻ ይወስድ ነበር። ቲሩሻ ሄደች። መርከቡ ወደ ደርባን ዞረ፤ ኩማረንና እናቱ እስከ ማግስቱ ድረስ ላዩ ላይ ቀሩ፤ ገንዳው ዳር ሙዚቃው አላቋረጠም፣ ነጯ አሮጊትም መተላለፊያው ላይ አግኝታቸው "ቆንጆዋስ የት አለች?" ብላ ጠየቀች። ደርባን ወደብ ሲገቡ የኩማረን ስልክ ጮኸ። ሰማ፣ ዘጋ፣ ሻንጣው ላይ ተቀመጠ። ኒቫሻ ሲነጋጋ አርፋ ነበር።

በእነሱ ሥርዓት ትልቅ ሰው ይቃጠላል፤ ሕፃን ግን ይቀበራል። ሣጥኑ ትንሽ ስለነበር ተሸካሚ አላስፈለገውም፤ ኩማረን ብቻውን ታቅፎ ወሰደው። ሎጋምባል ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ያደረገችውን አንድም ሳትደብቅ ተናገረች። የጎረቤት ሴቶች "ተይ እንጂ፣ የሰው ዓይን ነው የበላት" ሲሏት "አይደለም፣ እኔ ነኝ" አለቻቸው። ይህም ምንም አላቀለለላትም።

የአሥራ ስድስተኛው ቀን የሐዘን ሥርዓት አልቆ እንግዳ ሲበተን፣ ሎጋምባል ወጥ ቤት ሰሃን ታጥብ ነበር። ቲሩሻ ገብታ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች። ከመርከቡ ወዲህ ብቻቸውን ሲሆኑ የመጀመሪያቸው ነው።

"ካምፎሩን አልይዝብዎትም" አለች። "እኔም ሽሮፕ ሰጥቻለሁ። ሁላችንም ከቤታችን ያመጣነውን ሰጠናት።"

ሎጋምባል እጇን ጠረገችና ቆመች።

"የመርከቧን ሐኪም ዛሬ ደወልኩላት። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅኋት። እርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዝም ያሉባትን ሃምሳ ደቂቃ። ወዲያው ተናግረው ቢሆን ትድን ነበር ወይ አልኳት።"

"ምን አለችሽ?"

"'አላውቅም' አለች።" ቲሩሻ ሁለት መዳፎቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። "አዎ ብትለኝ ዕድሜ ልኬን እጠላዎት ነበር፤ ይወጣልኝ ነበር። አትድንም ነበር ብትለኝ ይቅር እልዎት ነበር። አላውቅም አለችኝ፣ እማ። ካምፎር ማርከሻ መድኃኒት የለውም፣ ግን ሄሊኮፕተሩን አስቀድሜ እጠራ ነበር፣ ከዚያ በላይ አላውቅም አለች። እኔ እንግዲህ ምን ላድርግ? እርስዎ ይንገሩኝ።"

ሎጋምባል ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።  ቲሩሻ አልተነሳችም፤ ዓይኗን ከአማቷ ፊት ሳትነቅል መልሱን ትጠብቅ ነበር።