የገመዳ እህት

«ታላቅ እህትዎ መጀመሪያ ይግቡ፤ ወገባቸውን ያመማቸው ይመስላሉ» አለ ደላላው፣ የባጃጁን የሸራ መጋረጃ በአንድ እጁ ወደ ላይ ይዞ።

ጉዲቱ አንድ እግሯን አንስታ ቆመች። ስህተቱ ትንሽ ነበር፤ በአንድ ቃል የሚታረም። ባሏ እስኪያርመው ጠበቀች። ገመዳ ግን ሳቀ። ደስ ያለው ሰው ሳቅ ነበር። ትናንት ማታ ጥቁር ቀለም የቀባውን ፀጉሩን በመዳፉ አስተኛና፣

«ግቢ እንጂ እህት ዓለም! ሰው እየጠበቀ ነው» አላት።

በዕድሜ እሷ ታንሰው ነበር። ነገር ግን የተወለደችው ከወንጂ ወዲያ በሸንኮራ ሠራተኞች መንደር ነው። የዚያን መንደር የጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ አንዳንዱም ሲያረጅ አጥንቱ አልታዘዝ ይለዋል። የጉዲቱ ጀርባ ሃምሳ ዓመቷን ካለፈች ወዲህ ጎብጦ አልቃና ብሏል። ገመዳ ሲያጫት ጥርሷን እያየ «የማር ሰፈፍ ይመስላል» ይላት ነበር። አሁን ሰው ፊት ስትስቅ በክርኑ ይነካታል።

ከአዳማ በጠዋት ተነስተው ባቱ የመጡት ቤት ለማየት ነው። ገመዳ ከእርሻ ቢሮ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሐይቅ ዳር ስለ መኖር ሳያወራ ውሎ አያውቅም። የአዳማ ሙቀት፣ የአዳማ አቧራ፣ ከአስፋልቱ የሚመጣው የከባድ መኪና ጩኸት አስመርሮታል። ለሚጠይቀው ሁሉ «ወስነናል» ይል ነበር። ጉዲቱ መቼ እንደወሰነች አታስታውስም። የአዳማው ቤት የአባቷ ውርስ ነው፤ ያለ እሷ ፊርማ አይሸጥም። ገመዳ «ሰኞ ትፈርሚያለሽ» ብሏታል፤ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ቤቱ ከተሸጠ፣ በጓሮ በር አልፋ የምትገባበት የልጇ የሀኒ ቤትም፣ ሐሙስ ሐሙስ ሳሎኗ ውስጥ የሚሰበሰቡት የጸሎት ሴቶችም፣ ዕድሜዋን ሙሉ አንደኛ ክፍልን ያስተማረችበት ትምህርት ቤት ደወልም አብረው ይሄዳሉ። ይህን ልትነግረው ስንት ጊዜ አፏን ከፍታ መልሳ ዘግታዋለች። የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአካባቢውን እድር ሳያዩ ቤት እንዳይገዙ። በዚህ ዕድሜ እንግዳ አገር ገብቶ ቀባሪ ማጣት ያስፈራታል። ይህን አልነፈጋትም።

ባጃጁ በፓፓያ ሻጮች መሀል እየተጥመለመለ ወደ ሐይቁ ወረደ። ሚኪያስ የተባለው ደላላ ከሾፌሩ ጎን ተጣብቆ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ያወራል።

«ኦቦ ገመዳ፣ ይሄ ሐይቅ ነፍስ ይመልሳል። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ ቆሮሶ ዓሣውን ከነነፍሱ ይገዛሉ። እህትዎ ደግሞ ይጠብሱልዎታል።»

«እሷ? እሷማ ታሳርረዋለች!»

«ባለቤትዎስ ሐይቅ ይወዳሉ?»

ጉዲቱ ወደ ባሏ ዞረች። ቀልዱ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር።

«እሷ እኔ የወደድኩትን ትወዳለች» አለ ገመዳ፤ እጁንም ልኮ ጉልበቷን ጫን አደረጋት። ቀልዱ የሁለታችን ነው ሊላት መሰለ። እሷ ግን ከቀልዱ ውስጥ ለእሷ የደረሳትን ፈልጋ አላገኘችውም።

ቤቱ ያምራል። ከበረንዳው ላይ ሲቆሙ መጀመሪያ ደንገሉ፣ ከዚያ ወተት የተቀላቀለበት ሻይ የመሰለው ውሃ፣ ከዚያም ሰማያዊ ሆነው የሚታዩት ደሴቶች ተራ በተራ ይከፈታሉ። ዳርቻው ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት እየጠበቁ እንደ ሽማግሌ ተኮፍሰው ቆመዋል። ገመዳ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አየሩን ሳበ። እንዲህ ደስ ብሎት ካየችው ቆይታለች። ለአፍታ «ምናለ ብፈርምለት» አለች በልቧ።

ጓሮ ያለውን ቧንቧ ከፈተችና በመዳፏ ቀድታ ቀመሰች። ውሃው ለዘብ ያለ፣ ምላስ ላይ የሚቀር ጨው ነገር ነበረው።

«ይሄ የጉድጓድ ውሃ ነው?»

«ንጹሕ ነው፣ አዴ! እኔ ያደግሁበት ውሃ ነው» ብሎ ሚኪያስ ሳቀ። ከከንፈሩ ሥር የራሷን ጥርስ የመሰለ ጥርስ አየች።

«ጣጣ አታብዢ» አለ ገመዳ ከበረንዳው።

ውስጥ ሲገቡ ደላላው ሰፊውን መኝታ ቤት አሳያቸው። መስኮቱ ሐይቁን ያያል። «ይሄ የእርስዎና የባለቤትዎ» አለ። ቀጥሎም በማድ ቤቱ በኩል አውጥቶ፣ ከግቢው አጥር ጋር የተለጠፈች አንዲት ክፍል ከፈተ። መስኮቷ ከጉዲቱ መቀነት አይሰፋም፤ ውስጧ የሲሚንቶ ከረጢትና የተሰበረ አልጋ ነበረበት። «ይቺ ደግሞ ትጸዳና ለእህትዎ ትሆናለች።»

ገመዳ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ።

«ትበቃታለች» አለ።

ወደ እድሩ ግቢ በእግር ሲሄዱ ሚኪያስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ልንገርዎ። እድራችን በጡረታ የሚመጣ ሰው በዝቶበታል። ‹ሬሳቸውን ሊያሸክሙን ነው የሚመጡት› ይላሉ። ስለዚህ አዲስ ገቢን አቁመው ነው የሚያዩት፤ እሱንም ሚስቱንም። ባለፈው ወር አንዱ ከዘራ ይዞ ቀርቦ ተመለሰ። በር ላይ ቢጥለው ኖሮ ምን ነበረበት!»

ጥቂት እንደሄዱ ገመዳ ቆም ብሎ ሚስቱን ከፊቱ አሳለፋት፤ ከኋላዋ ሆኖ አረማመዷን ሲያይ ተሰማት። ቀና ለማለት ሞከረች። ጀርባዋ ግን እንደ ልማዱ እንቢ አላት።

የእድሩ ግቢ በዋርካ ጥላ የተሸፈነ ነው። በአንድ በኩል የድንኳን ብረቶች፣ ተገልብጠው የተደረደሩ የድግስ ድስቶች፤ በሌላው በኩል አግዳሚ ወንበሮች። ሰብሳቢው አቶ ዲበኩሉ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ከአጠገባቸው የእቃ ቤቱ ኃላፊ ፋዲላ፣ ጥቁር ሻርፕ ያጠለቀች ደንዳና ሴት፣ የቁልፍ ዘለላ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች።

«እስኪ ይቁሙ፣ ኦቦ» አሉ ሰብሳቢው። «እስከ በሩ ሄደው ይመለሱ።»

ገመዳ ደረቱን ነፍቶ ሄደ፤ ደረቱን ነፍቶ ተመለሰ።

«ይሄማ ሁላችንንም ቀብሮ ነው የሚሞተው!» አለ አንዱ፤ ሰዉ ሳቀ።

«ጥሩ። ባለቤትዎስ?»

ጉዲቱ ከአግዳሚው ላይ ለመነሳት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነበር።

«ባለቤቴ አዳማ ናት» አለ ገመዳ። «ልጃችን ወልዳ እሷን እያረሰች ቀርታለች። ይቺ እህቴ ናት፤ እንድትሸኘኝ ነው ያመጣኋት።»

በዚህኛው ጊዜ አልሳቀም። ሀኒ ከወለደች ዓመት አልፏታል። ጉዲቱ ቀስ ብላ መልሳ ተቀመጠች። ነገ እዚህ ከተማ ሲገቡ ማን ሆና እንደምትገባ አስቦበት ይሆን? አላሰበበትም ይሆናል። ወይም አስቦበታል። ያቺ የኋላ ክፍል፣ የሲሚንቶው ከረጢት፣ «ትበቃታለች» ያለበት ድምፅ ትዝ አላት። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ መለየት አቃታት።

«እንግዲያው እንደ ደንባችን ይሁን» አሉ አቶ ዲበኩሉ። «ላልቀረበ ሰው ቤተ ዘመድ ቆሞ ይመሰክርለታል። እህትየዋ ይነሡና ስለ ሚስትየዋ ይመስክሩ።»

ተነሣች። መቆሟን ሳይሆን መጉበጧን የሚያዩ ዓይኖች ተሰሟት።

«ውይ እናቴ፣ አላህ ያሽርዎት» አለች ፋዲላ።

«ደግነቱ የምንመዘግበው እሳቸውን አይደለም!» አለ ያው ሰውዬ ከኋላ፤ እንደገና ተሳቀ። ገመዳም ፈገግ አለ።

«ስምዎን ማን ልበል?»

«ሶረቲ» አለች። ልጅ ሆና የሞተችባት እህቷ ስም ነበር።

«የወንድምዎ ሚስት ጤነኛ ናት?»

ገመዳ ትክ ብሎ አያት። ከንፈሩን ገጥሞ አሳያት፤ አፍሽን ብዙ አትክፈቺ የሚልበት ምልክቱ ነው።

«ጤነኛ ናት።»

«ሥራ ትችላለች?»

«ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ አስተምራለች።»

«ለቅሶ ቤትስ?» አለች ፋዲላ። «ለስሙ ብቻ ነጠላ አዘቅዝቃ የምትመጣ ናት ወይስ ድስት ታነሳለች?»

«ድስት ታነሳለች። ሰው ሲሞት ቀድማ ትደርሳለች። ልጆቹንም ወደ ቤቷ ወስዳ ታስተኛለች።»

ማንም እንዲህ አድርጎ ተናግሮላት አያውቅም። ስለ አንዲት ሩቅ ያለች፣ የምትወዳት ሴት የምታወራ መሰላት። ሰዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጧታል። ገመዳ ትከሻው ዝቅ አለ፤ ተነፈሰ።

«ይበቃል። በሚቀጥለው ወር ራሷን ይዘዋት ይምጡ» አሉ አቶ ዲበኩሉ።

መቀመጥ ነበረባት። አልተቀመጠችም።

«አትመጣም» አለች።

«እንዴት?»

«ሚስቱ ወደዚህ አትመጣም። ለእኔ ነግራኛለች።»

«ምን ብላ?»

«ቤቱ የአባቴ ነው፤ አልፈርምም፤ አልሸጥም ብላለች። ለእሱ ፊት ለፊት መናገር እያቃታት ነው እንጂ ካለችው ቆይቷል።»

ገመዳ ብድግ አለ። «ምንድን ነው የምትቀባጥሪው አንቺ...» አለና ቆመ። ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል አግዳሚው ሁሉ ጠበቀ።

«ይዋሻሉ ማለትዎ ነው?» አሉ አቶ ዲበኩሉ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አውርደው። «ይዘዋቸው የመጡት እርስዎ ነዎት። እህትዎ አይደሉም እንዴ?»

የገመዳ አፍ ተከፈተ፤ ከዚያም ተዘጋ። ጉዲቱ ያንን አከፋፈት ታውቀዋለች፤ ብዙ ዓመት የራሷ ነበር።

«ናት» አለ።

ቀትር ነበር። ዋርካው ሙቀቱን አላገደውም። ከገመዳ ጆሮ ሥር ላብ እየወረደ ነበር፤ ጥቁር ላብ፣ በነጩ ኮሌታው ላይ እንደ ቀለም ጠብታ የሚያርፍ። እጇ በልማድ ወደ ሻርፗ ጫፍ ሄደ፤ ሳይታይበት ልትጠርግለት። ከመንገድ መለሰችው።

«ሌላስ ምን አለች?» አለች ፋዲላ፣ ቁልፎቹን ይዛ ወደ ፊት እየተጠጋች።

እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ይበቃ ነበር፤ መብቃቱንም ታውቅ ነበር።

«አንገቱን እዩት ብላለች» አለች ጉዲቱ። «ሽማግሌ ተነክሮ ቢወጣ፣ ፀሐይ ታጋልጠዋለች ብላለች።»

ሁሉም አንገቱን አዩት። ሳቁ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ተላለፈ፤ ሚኪያስ እንኳ ፊቱን አዙሮ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ጉዲቱም ሳቀች፤ ጥርሷን ሳትከድን፣ አፏን ከፍታ። ገመዳ አንገቱን በእጁ ሲዳስስ፣ ጣቶቹን ሲያይ፣ የጠቆሩትን ጣቶቹን የሚጠርግበት ሲያጣ አየችው። ያኔም ሳቋን አላቋረጠችም።

አቶ ዲበኩሉ ዝምታ እስኪመለስ ጠበቁና፣ ሰውዬው በእግሩ የሚሄድ ጤነኛ በመሆኑ ለብቻው እንዲመዘገብ ወሰኑ። ፋዲላ ጉዲቱን እስከ በሩ ሸኘቻት። «የእርስዎ ዓይነት ምስክር አይቼ አላውቅም» አለቻት በጆሮዋ። «ሚስትየዋን ሰላም ይበሏት።»

በሚኒባስ ወደ አዳማ ሲመለሱ ገመዳ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ፤ እሷ ከኋላ ወንበር። ኮሌታውን ወደ ውስጥ አጥፎታል። መቂን እስኪያልፉ አንገቱን ወደ ኋላ አላዞረም። ከዚያ በኋላ፣ አሁንም ሳይዞር፣ ለመስታወቱ እንደሚናገር ሁሉ፣

«እህቴ ያልኩሽ እኮ እንዳይመልሱን ነው» አለ።

«ማንን እንዳይመልሱ?» አለች።

ከጎኗ የተቀመጠችው ልጅ «ይተዋወቃሉ?» አለቻት። ጉዲቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ቲማቲም ማሳው አዞረች።

ሰኞ ጠዋት ለፊርማ አልሄደችም። ገመዳ መስታወት ፊት ተቀምጦ ፀጉሩን እንደገና ቀለም ቀባ፤ አንድ ሻንጣ ይዞ ብቻውን ወደ ባቱ ሄደ። ቤቱን መግዛት ስላልቻለ፣ ያቺኑ የኋላ ክፍል ተከራየ።