ያልተተረጎመው ስም

አስተርጓሚዋ ሥራውን ያገኘችው ሌላ ሰው ስለታጣ ነው። የታች አገር ሰዎቹንም የመንግሥቱንም ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር፣ በዚያ ላይ ለአንዱ ወገን ያደላል ተብሎ የማይጠረጠር ሰው ሲታሰስ እሷ ተገኘች፤ አባቷ የላይ አገር ሰው፣ እናቷ የታች አገር ሰው። የአጣሪ ኮሚሽኑ ሰብሳቢ፣ ጡረታቸው የደረሰ ሴት ዳኛ፣ ፋይሏን ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩና «አንቺማ ራስሽ አገሪቱን ነሽ» አሏት። ማሞገሳቸው ነበር። እሷም ደስ ብሏት ወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት ታችኞቹ «ልጆቻችን በቋንቋችን ይማሩ፣ እኛም በቋንቋችን እንዳኝ» ብለው አደባባይ ሲወጡ ሠራዊት ተላከባቸው። በየከተማው ስንት ሰው እንዳለቀ፣ ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ በወረቀት የሰፈረ ነገር የለም። ላይኞቹ ያንን ጊዜ አገር ከመፍረስ የዳነበት ዘመን ይሉታል። ታችኞቹ ስም እንኳ አላወጡለትም፤ «ያኔ» ይላሉ፣ ሰሚው ይገባዋል። አዲሱ መንግሥት እውነቱ ይውጣ ብሎ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ በደረሰበት አንድ ክፍል ይሰጠዋል፤ ግድግዳው ላይ «የጋራ ታሪክ ለጋራ አገር» የሚል ጨርቅ ይወጠራል፤ ምስክሮች ለደኅንነታቸው ሲባል አንድ በአንድ፣ በዝግ ይገባሉ።

የአስተርጓሚ ዋናው ደንብ ምስክሩ «እኔ» ሲል እሷም «እኔ» ማለቷ ነው። «እሳቸው እንዲህ ይላሉ» ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ አስተርጓሚዋ በሦስት ወር ውስጥ የአርባ ሁለት ሰው አፍ ሆነች። «ባሌን ከአልጋ አውርደው ወሰዱብኝ» አለች፤ ባል አግብታ አታውቅም። «ጥርሴን በሰደፍ አረገፉት» አለች፤ ጥርሷ ሙሉ ነው። ወደ ቤቷ ስትመለስ ድምጿ ተዘግቶ አባቷን በእጅ ምልክት ነበር የምታወራው።

አባቷ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። ግራ ጎኑ ከደረቀ አራት ዓመት ሆኖታል፤ የምታጥበው፣ ጺሙን የምትላጨው፣ የምታጎርሰው እሷ ናት፤ ለሥራ ስትጓዝ ጎረቤት ይጠብቅላታል። የድሮ ወታደር ነው። ጫማ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ ላይ ያጠለቀው ሲቀጠር ነበርና ስለ ውትድርናው ክፉ አያስነሳም። «እኛም እኮ የደላን አልነበርንም» ይላል። «ጌቶቹ ሌሎች ነበሩ። እኛ አገር እንዳትበተን ነው የቆምነው።» እሱን ከመሰሉት ጡረተኞች በሕይወት የቀሩት ሁለት ናቸው። ሊጠይቁት ሲመጡ ከደጅ «ፉጨት! አለህ ወይ?» ብለው ይጠሩታል። በወጣትነቱ አፉ ከፉጨት አይቦዝንም ነበርና ስሙ እንደዚያው ቀረ። ታች አገር ዘምቶ እንደነበር፣ እናቷንም ከዚያ እንዳመጣት አስተርጓሚዋ ታውቃለች። ከየትኛው ከተማ ብላ ግን ጠይቃ አታውቅም። አለመጠየቅን ከእናቷ ነው የተማረችው።

እናቷ ቋንቋውን ያወረሰቻት በር ዘግታ ነው። አባትየው «አንድ ቤት፣ አንድ ቋንቋ» ብሎ ከልክሎ ነበር። እሱ ሲወጣ እናትየው መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ልብስ እየጣፈች ትነግራታለች፤ «እኔ እኮ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፣ መርፌ ከአባቴ ነው የወረስኩት» ትላታለች። የበሩ እጀታ ሲንቀሳቀስ ዓረፍተ ነገሩን የጀመረችበትን ትታ በመንግሥቱ ቋንቋ ትጨርሰዋለች። ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት።

በአራተኛው ወር ኮሚሽኑ ወንዝ ዳር ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ገባ። የተሰጣቸው ክፍል የማዘጋጃ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ነበር፤ አቧራው ገና አልተጠረገም። አርባ ሦስተኛው ምስክር የጀልባ ቀዛፊ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ክንዳቸው ከዕድሜያቸው ጋር አብሮ አልከሳም። ቃለ መሐላው ከመጀመሩ በፊት አስተርጓሚዋ ውሃ ስታቀርብላቸው በቋንቋቸው ሰላም አለቻቸው።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

«የዚህ አገር ሰው አይደለሁም አባባ።»

«አፍሽ ግን የዚህ ነው። ደግሞ የዛሬ ልጅ እንዲህ አያወራም፤ ቃልሽ የእናቴ ዘመን ነው። የት ሣጥን ውስጥ ቆልፈውሽ ኖሩ?» ብለው ከት ብለው ሳቁ። እሷም ሳቀች። ዳኛዋ ምን እንዳሳቃቸው ጠየቁ፤ «ቋንቋሽ አርጅቷል እያሉኝ ነው» አለቻቸው።

ከዚያ ሽማግሌው ተናገሩ፤ እሷም አብራ ተናገረች።

«ያኔ ሠላሳ ዓመቴ ነበር። ጀልባዋ የእኔና የታላቅ ወንድሜ ናት። ጠዋት ወንዶቹን ከየቤቱ ሰብስበው ዳር ላይ አሰለፉ። እኔን ለይተው አስቀሩኝ፤ ጀልባ የሚቀዝፍ ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። ተኩሱ አልረዘመም። ሬሳውን እንድጭንና መሀል ወንዝ ላይ እንድጥል ታዘዝኩ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ወንድሜ ነበረበት። እግሬን ያዘኝ። አልሞተም ነበር።»

አስተርጓሚዋ «እግሬን ያዘኝ» ስትል ድምጿ ተሰበረ፤ ግን አልዘለለችውም። የጽሕፈት ባለሙያዋ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች።

«ከዚያስ?» አሉ ዳኛዋ ቀስ ብለው።

«ቀዘፍኩ።»

የምስክሮቹ ጠበቃ ወጣት ነው። ትውልዱ ከታችኞቹ ይሁን እንጂ ወላጆቹ ክፉ እንዳያገኘው ብለው ቋንቋውን አላስተማሩትም፤ በራሱ ዘመዶች መካከል በአስተርጓሚ ነው የሚያወራው። ይህ ያንገበግበዋል። «ያዘዘውን ሰው ያውቁታል?» ብሎ ጠየቀ።

ሽማግሌው ውሃቸውን ጠጡ። «እናቱ ያወጣችለትን ስም አላውቅም። ወታደሮቹ ሃምሳ አለቃ ፉጨት ነበር የሚሉት። በተሰለፉት ሰዎች ፊት እያፏጨ ይመላለስ ነበር። በሳምንቱ የልብስ ሰፊውን ልጅ ይዟት የሄደውም እሱ ነው። ተዳረች እንዳይባል ማንም አልመረቃት፤ ተጠለፈች እንዳይባል ማንም አልጮኸላት። ሁላችንም በራችንን ዘግተን ነበር።»

አስተርጓሚዋ አፏን ከፈተች። የአባቷ አገጭ፣ ከመምጣቷ በፊት ሳሙና ቀብታ የላጨችው፣ ዓይኗ ላይ መጣባት። ከዚያም «ስሙን አላውቅም። ወታደር ነበር» አለች።

የጽሕፈት ባለሙያዋ ጻፈች። ጠበቃው ግንባሩን ቋጠረ፤ ያ ሁሉ ንግግር በሁለት ዓረፍተ ነገር አልቆ ቅር አለው፤ ግን ምን ብሎ ይሞግታል? ዳኛዋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሊያልፉ ሲሉ ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ዘለልሽ» አሉ።

በመንግሥቱ ቋንቋ ነበር የተናገሩት። ቃል በቃል እየለዩ፣ ትምህርት ቤት ቆሞ እንደሚያነብብ ልጅ። «ስሙን ዘለልሽ፣ ልጄ። ይህን ቋንቋ እኔ በአለንጋ ነው የተማርኩት። ልጅ ሆኜ ጓደኛዬን በቋንቋችን ስጠራ ይገርፉኝ ነበር። ላልናገረው ምያለሁ እንጂ እሰማዋለሁ።»

አስተርጓሚዋ ቀና ብላ ዳኛዋን አየች። «ልክ ናቸው» አለች። «ስም ጠርተዋል። ሃምሳ አለቃ ፉጨት ብለዋል። የልብስ ሰፊ ልጅ ወስዷል ብለዋል። ያልተረጎምኩት አባቴ ስለሆነ ነው። የልብስ ሰፊው ልጅ እናቴ ናት።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ጠበቃው ብድግ ብሎ እንደገና ተቀመጠ። ሽማግሌው ብቻ አልደነገጡም፤ ወደ ራሳቸው ቋንቋ ተመልሰው «በሕይወት አለች?» ብለው ጠየቋት።

«ሞታለች አባባ።»

«በየትኛው ቋንቋ ተለቀሰላት?»

ብርጭቆውን አንስታ ውሃ ሞላችላቸው።

ችሎቱ ተቋረጠ። ኮሪደሩ ላይ ጠበቃው ተከትሏት ወጣ። ያጽናናኛል ብላ ሳይሆን ይሰድበኛል ብላ ነበር የጠበቀችው፤ እሱ ግን ሁለቱንም አላደረገም።

«ስሙን አስመዝግበሽ ረስቼው ነው ብትይ ምን ነበረበት?» አላት። «አባቴ ነው ያልሽው ለማን ብለሽ ነው?»

«ለሳቸው። እውነት ስለሆነ።»

«ለሳቸው አይደለም። ለራስሽ ነው፤ እንዲቀልልሽ። እስቲ አሁን ምን እንደሚያደርጉበት ታያለሽ።»

አየች። በአሥር ቀኑ ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣ። አስተርጓሚዋ የጥቅም ግጭት እንዳለባት በራሷ አንደበት ስላረጋገጠች፣ እሷ የተረጎመችው አርባ ሦስቱም ቃል ተአማኒነት የጎደለው ሆኖ ከመዝገብ እንዲወጣ፣ ምስክሮቹም ወደፊት በሚወሰን ጊዜ እንደ አዲስ እንዲሰሙ ተወስኗል ይላል። የላይ አገር ጋዜጦች ወሬውን አራገቡት፤ «ድሮም ተረት ነው ብለን ነበር» አሉ። ታችኞቹ ደግሞ መንግሥት ሆን ብሎ የሃምሳ አለቃን ልጅ አስቀመጠብን አሉ። አገሪቱን ነሽ ያሏት ዳኛ አንድ ጊዜም አልደወሉላትም።

አባቷን የጠየቀችው ከወንዙ ከተማ በተመለሰች ማግስት ነው። ፀሐይ እንዲያገኘው መስኮቱ ሥር አስቀምጣው ነበር።

«አባዬ፣ ቀዛፊውን አገኘሁት።»

አባትየው የዘነጋ መሰላት፤ የትኛው ቀዛፊ ይለኛል ብላ ጠበቀች።

«በሕይወት አለ?» አለ በመጨረሻ። «ያተረፍኩት እኔ ነኝ። ከመስመሩ በእጄ ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይህን ነግሮሻል?»

«ወንድሙን እንዳስጣልከው ነው የነገረኝ።»

«ታዝዤ ነው። እኔን ያዘዘኝን ለምን አትፈልጉትም? የትልቁን ስም የሚጠራ አንድ ሰው ጠፍቶ ፉጨት ላይ ታላዝናላችሁ።» ብርድ ልብሱን በደኅናው እጁ ወደ ደረቱ ሳበ። «እኔ ከእነሱ ጋር ጠብ አልነበረኝም። አንድ አገር ነን ብዬ ነው። ጠላትማ ብሆን ከእነሱ ሚስት አገባ ነበር?»

«እሺ ብላህ ነው?»

«ማንም አላስገደዳት።»

«ጠየቅካት ወይ አባዬ? በየት ቋንቋ ጠየቅካት? ያኔ እሷ የእኛን አታውቅም፤ አንተም የእነሱን አታውቅም።»

«አውቃለሁ እንጂ» አለ አባትየው፤ ተቆጥቶ፣ ለማሳመን ጓጉቶ። ከዚያም የሚያውቃቸውን ሦስት ቃላት በታችኞቹ ቋንቋ አከታትሎ ተናገረ፦ «ቁም። ተቀመጥ። ቅዘፍ።»

ሃያ ስምንት ዓመት ከሴትዮዋ ጋር ኖሮ ያተረፈው ይህንን ነበር። ምን እንዳለ ለራሱም ዘግይቶ ሳይገባው አልቀረም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አስተርጓሚዋ ምሳውን አምጥታ አጎረሰችው። አኘከ፣ ዋጠ። ሁለቱም ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላነሱም።

ደብዳቤው በመጣ በሳምንቱ ታላቅ ወንድሟ አባታቸውን ሊወስድ መኪና ይዞ መጣ። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የእናቱን ቋንቋ አልሰማም ብሎ ጆሮውን የሚደፍን ልጅ ነበር።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱን የሚያውቀው የለም፤ እኔ ጋ ይቆይ» ብላ ለመነችው።

«አባቱን ለጠላት የሰጠ ሰው መድኃኒት አይሰጠውም» አላት። «ሁላችንም አንድ ሕዝብ ነን እያልን ስንለፋ አንቺ ቁስል ትቆሰቁሻለሽ። ተማሪዎቼ ስም አውጥተውልኛል፣ ታውቂያለሽ? ሳልፍ ያፏጩብኛል።» ያን ጊዜ አሳዘናት፤ ልታቅፈው ተጠጋች፤ ገፈተራት።

አባትየው ወንድሟ ቤት ሦስት ወር ቆይቶ ሞተ። ሣጥኑ ላይ ባንዲራ ተደረበ፤ ከሁለቱ ጡረተኞች አንዱ «አገር ያቆመ ጀግና» ብሎ ንግግር አደረገ። አስተርጓሚዋ ወንድሟ እንዳያያት ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆማ ሰማች። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ ግን ስትጀምር አፏ ላይ የመጣው የእናቷ ቋንቋ ሆነና አጠገቧ የቆሙት ሴቶች ፈቀቅ አሉ።

ከዚያ ወዲያ የሚቀጥራት አላገኘችም። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካለች ፎቶ ኮፒ ቤት አንድ ጠረጴዛ ተከራይታ በሁለቱም ቋንቋ ማመልከቻ መጻፍ ጀመረች። የታችኞቹ ሰዎች ማን እንደሆነች ሲያውቁ አንዳንዶቹ ይነሳሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ሌላ የሚጽፍላቸው ስለሌለ ይቀመጣሉ።

እንደ አዲስ ይሰማሉ የተባሉት ምስክሮች የተጠሩት ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው። ጠበቃው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥቶ ጠረጴዛዋ ፊት ካለው ወንበር ተቀመጠ። ፀጉሩ ያለ ዕድሜው ሸብቷል። ሳትጠይቀው ነገራት፤ ከአርባ ሦስቱ ሃያ ስድስቱ መጡ፤ ዘጠኙ በመሀል ሞተዋል፤ የቀሩት ቁስላችንን ደግመን አንከፍትም ብለው ቀሩ።

«ቀዛፊውስ?»

«መጡ። ኮት ለብሰው፣ ከሁሉ ቀድመው። አዲሱ አስተርጓሚ ይጀምሩ ሲላቸው 'ተናግሬያለሁ' አሉ። በእኛው ቋንቋ፣ ማለቴ በመንግሥቱ ቋንቋ። ሌላ አልጨመሩም። ሰብሳቢዋ ሦስት ጊዜ ጠየቋቸው። ቆባቸውን አድርገው ወጡ።»

ከቦርሳው አንድ ወረቀት አውጥቶ አሳያት። ከነማኅተሙ ነው። «ምስክሩ ቃል ለመስጠት ፈቃደኛ ሳይሆኑ ቀርተዋል» ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ይግባኝ አይባልበትም?» አለችው።

«ማን ይላል? እሳቸው በቃኝ ብለዋል።»

አስተርጓሚዋ ወረቀቱን መለሰችለት። ከኋላው ልጇን ያዘለች ሴት ተራ ትጠብቅ ነበር፤ ጠበቃው ወንበሩን ለቀቀላትና ወደ ፍርድ ቤቱ ተሻገረ።