ከመጋረጃው ሥር የሚታይ ጫማ

እግሩን ያልታመመ ሰው ጫማ ማድረግ ለምን ያቆማል? ሰባት ወር ሙሉ ራሴን ስጠይቅ ከረምኩ። ስትተኛ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ እግሯን አይቼዋለሁ። ቁስል የለው፣ እብጠት የለው። ጥፍሯ እንኳ በሥርዓት ተቆርጧል።

የልጅ ልጄ ናት። ሠፈሩ «ሽቅርቅሯ» ነው የሚላት። የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ በሩን ከፍቶ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው። ሌላ ሰው ልብሱን ለብሶ ጨርሶ ነው ጫማ የሚፈልገው። እሷ ግን ጠዋት ከአልጋዋ ወርዳ መጀመሪያ አንድ ጥንድ ጫማ ወለሉ መሀል ታስቀምጥና ትዞረዋለች። ቀሚሱም፣ ቀበቶውም፣ የጆሮ ጌጡም ጫማው እንዳዘዘ ይመጣል። «እምዬ፣ አሮጌ ቀሚስ በጥሩ ጫማ አዲስ ይሆናል፤ አዲስ ቀሚስ በተንሻፈፈ ታኮ ቡትቶ ነው» ትለኝ ነበር።

እኔም ነገሩ ይገባኛል። የምንኖረው ምድር ቤት ነው፤ መስኮታችን ከእግረኛ መንገዱ እኩል ስለሆነ የሚያልፈው ሰው ከጉልበቱ በታች ብቻ ነው የሚታየን። ሠላሳ ዓመት ሰውን በጫማው ሳውቅ ኖሬያለሁ። የጎረቤታችን የሹፌሩ ሚስት እርጉዝ መሆኗን ከባሏ ቀድሜ ያወቅሁት ከታኮ ጫማ ድንገት የወረደች ጊዜ ነው።

እናቷ፣ ማለት ልጄ፣ ከሞተች ወዲህ ሽቅርቅሯ እግር ላይ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰማያዊ የላስቲክ ነጠላ ጫማ፤ የመታጠቢያ ቤቱ። ሱቅም በእሱ፣ ሥራም በእሱ፣ ዝናብም በእሱ። አሥራ አንድ ጥንድ ጫማ አልጋዋ ሥር አቧራ ይጠጣል። አታለቅስም። ብታለቅስ በተሻለኝ ነበር። የምትናገረው ቃል አንድ ነው፤ «እሺ»። ብዪ ስላት «እሺ» ትላለች፤ አትበላም። ተኚ ስላት «እሺ» ትላለች፤ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነው። «እሺ» ካለች ነገሩ እንደማይሆን እያደር ለመድኩት።

እኔስ ብትሉ፣ ያው ነኝ። እጄ ድስት ያጥባል፤ ድስቱ ይነጻል፤ ያጠብኩት እኔ መሆኔን ግን አላስታውስም።

ሐሙስ ዕለት የክሊኒኩ ኃላፊ ደወለችልኝ።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለእሷ ብነግራት እሺ ትለኝና በማግስቱ ያንኑ አድርጋ ትመጣለች።»

«ምን አድርጋ?» አልኩ፣ እንደማያውቅ ሰው።

«ነጠላ ጫማውን ነዋ! ትናንት አንዷ ታካሚ ጽዳት ሠራተኛ መስላት 'እህት፣ ሽንት ቤት ሶፍት አልቋል' አለቻት። እሷስ ምን ብትል ጥሩ ነው? እሺ ብላ ተነሥታ ሶፍቱን አስገባች!»

የሳቅሁ መሰለኝ። ኃላፊዋ ግን አልሳቀችም።

«ሐዘን መሆኑ ይገባኛል። ግን ሰባት ወር ሆነ። ሰኞ እንደ ሰው ተጫምታ ካልመጣች ካርድ ክፍል አስገባታለሁ። ከዚህ በላይ አቅም የለኝም።»

ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ካርድ ክፍሉን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያ እስከ ወለል ፋይል ነው። እዚያ የምትሠራው ሴትዮ ከሰው ጋር መነጋገር ረስታ «ደህና ዋልሽ» ስላት ቁጥሬን ነው የጠየቀችኝ። ይቺ ልጅ አሁን ትንሽ ድምፅ የቀራት ቀኑን ሙሉ «እንደምን አደሩ፣ ይቀመጡ» ስለምትል ነው። እዚያ ከገባች «እሺ»ም ትቀርባታለች። እናቷን ቀብሬያለሁ፤ እሷን በቁሟ ፋይል መሀል ልቅበራት?

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፣ ዓርብ እሷ ሥራ እንደሄደች አልጋው ሥር ገባሁ። ያለቻት አንዲት ጥቁር ሶሏ አልቋል፤ ከአሥራ አንዱ ቆዳው የሚያምረው፣ ሶሉም ያልተበላው አረንጓዴው ነው። እናቷ ናት የገዛችላት። ቀለሙን ግን እኔ ድሮም አልወደውም፤ የበቀቀን ነው። ጥቁር ቢሆን ኖሮ ኃላፊ ፊትም፣ ዳኛ ፊትም ያቆማል ብዬ አሰብኩ። በፌስታል ጠቅልዬ መንገዱ ጥግ ወዳለው ጫማ ሰፊ ወሰድኩት።

«እማማ፣ ይሄን ጥቁር ላድርገው? ምን በደለዎት?»

«የሥራ ነው። ቁም ነገር ይምሰል።»

«ጥቁር ጫማ እንደሆነ አገር ሞልቷል። አረንጓዴ ያላት በዚህ መንገድ እሷ ብቻ ናት። አንገቴን ደፍቼ ስሰፋ አረንጓዴ ነገር ውል ካለብኝ፣ ቀና ሳልል 'ሽቅርቅሯ፣ እንዴት አደርሽ?' ነው የምላት። አሁን ለማን ሰላምታ እንደምሰጥ በምን ልወቅ?»

«አንተ ቀባ ያሉህን ቀባ። ምክር ፈልጌ አልመጣሁም።»

«እቀባለሁ። ግን ቀለሙ ከላይ ከላዩ ነው የሚይዘው፤ በኋላ አጭበረበረኝ እንዳይሉ።»

ቀባው። አማረ። ቢያንስ ለእኔ አማረኝ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ እሷ ድሮ እንደምታደርገው፣ ወለሉ መሀል አስቀመጥኩት። ከመታጠቢያ ቤት ወጥታ ደርሳበት ቆመች። ጎንበስ አለች፤ አላነሣችውም።

«እነዚህ አረንጓዴዎቹ ናቸው?»

አቤት ደስታዬ! በሰባት ወር ውስጥ ከአንድ ቃል ያለፈ ነገር ስታወራኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«ናቸው የኔ ቆንጆ! ለሥራ እንዲመቹሽ ብዬ ነው። ጥቁር እኮ ከሁሉም ልብስ ጋር ይሄዳል፣ ደግሞም...»

«ያን ቀንም እነሱን ነው ያስወለቅሽኝ።»

ድምፅዋ ከፍ አላለም። ቁጣም የለበት። «ውሃው ሞቋል» እንደምትል ነው ያለችው።

«የቱን ቀን?» አልኩ። አፌ ጠየቀ እንጂ ሆዴ አውቆታል። ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው፤ አስታውሰው ነበር ብልም ውሸት ነው።

ልጄ ሆስፒታል የተኛችበት አልጋ ዙሪያውን መጋረጃ ነበረው። መጋረጃው ወለሉን አይነካም፤ አንድ ክንድ ያህል ይጎድለዋል። ቀና ማለት ሲያቅታት በጎኗ ተኝታ በዚያ ክፍተት የመጪውን እግር ታያለች። «ነጭ ላስቲክ፣ መርፌ መጣ። የተንሻፈፈ ቡናማ፣ ዶክተሩ ነው፣ ሚስት የለውም» እያለች ታስቀን ነበር። አረንጓዴው ሲመጣ ግን ቀልድ የለም፤ «መጣችልኝ» ብቻ ነው የምትለው።

ያን ቀን ጠዋት ሆስፒታሉ ቶሎ ድረሱ ብሎ ደወለ። ሽቅርቅሯ አረንጓዴውን አጥልቃ ወደ በሩ ሮጠች። በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

«ዛሬ ዋናው ሐኪም አለ። በዚህ በበቀቀን ጫማ ፊቱ ልትቆሚ ነው? ሰው የላቸውም እንዴ ይበለን? ቀይሪ!»

«እምዬ፣ ይረፍዳል።»

«ቀይሪ አልኩሽ!»

ነገር በዓይን ይገባል፤ ሐኪሙ ደንበኛ ሰዎች መሆናችንን ካየ በደንብ ያይልናል ብዬ ነው። ተመለሰች። ጥቁሩ አልጋው ሥር ወዲያ ጥግ ነበር፤ ክሩም ተቋጥሮ አልፈታ አላት። አውቶቡሱ አመለጠ። እኔ ስንቅ ይዤ ስከተል እሷን ኮሪደሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። አልቆ ነበር።

«ነርሷ ነግራኛለች» አለች አሁን፣ ጫማውን እያየች። «እናቴ በጎኗ ሆና በመጋረጃው ሥር እያየች ነበር አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጫማ ልመርጥ ስል እጄ እምቢ ይለኛል። ነጠላ ጫማ አይመረጥም።»

ክው አልኩ እንዳልል፣ ክው ለማለትም የሚደነግጥ ልብ ያስፈልጋል። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። በመስኮቱ የሆነ ሰው ግራጫ ሸራ ጫማ አለፈ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት።

«እሺ» አለች።

እሑድ ከምሳ በኋላ ከመሳቢያዋ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውን አሴቶን አወጣሁ፤ ጥጥም ያዝኩ፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ቀኙን ጫማ መፈተግ ጀመርኩ። ሽታው ያዞራል። ጥጡ ጠቆረ፤ ሌላ ጥጥ፤ እሱም ጠቆረ። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ ልጅቷ መጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ሳትጠይቀኝ ግራውን አነሣች። እስኪመሽ ድረስ ፈተግን። እኔ ከሷ ፊት ይልቅ ጣቶቿን ነበር የማየው፤ አልቸኮሉም፣ አልቆሙም።

ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። አፍንጫው ላይ አረንጓዴው ወጣ፤ ስፌቱና ተረከዙ አካባቢ ጥቁሩ ነክሶ ቀረ። የታመመ ቅጠል መሰለ። «አበላሸሁብሽ» አልኩ። መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን አስቀምጣው ወደ መኝታዋ ገባች።

ሰኞ ጠዋት ምንም ላልናገር ምያለሁ። ካፖርት ልበሺ ልላት ምላሴ ጫፍ ደርሶ ዋጥኩት። ሰኞ ነው ልላት ነበር፤ እሱንም ዋጥኩት። ጀርባዬን ሰጥቼ የታጠበ ብርጭቆ ደግሜ አጠብኩ። ወለሉ ላይ የሆነ ነገር ሲቀመጥ ሰማሁ። ቁም ሣጥኑ ተከፈተ። ተዘጋ።

ዞር ስል በሩ ጋ ደርሳለች። አመድማ ቀሚስ ለብሳለች፤ ቀበቶ የለም፣ የጆሮ ጌጥም የለም። እግሯ ላይ ያ ዥንጉርጉር ጫማ ነው። ሰማያዊው ነጠላ ጫማ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቀርቷል። ያልጠየቅኋትን «እሺ» ጠበቅሁ። «እሺ» ብትለኝ ኖሮ ነበር የምፈራው።

በሩን ከፍታ ወጣች።

ወደ መስኮቱ ሄድኩ። በግራ ሱቁ ነው፤ በቀኝ የአውቶቡስ ፌርማታው። ደረጃውን የወጣው እግሯ መጥቶ መስኮቱ ፊት ቆመ፤ የጫማዎቹ አፍንጫ ወደ እኔ ዞሮ፣ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወደ ቀኝ ሄደ።