ወንድ ልጅ አለው

አባቴ የሞተው በ2007 ክረምት፣ መቀሌ ሰሜን በተከራየናት ቤት ነው። ከወሎ ስንመጣ ረሒማ የምባል ሴት ልጁ ነበርኩ። በሃያ ዓመቴ ፀጉሬን ተቆረጥኩና «ወንድ ነኝ፤ ስሜ አብዱልወዱድ ነው» አልኩ። ኮብልስቶን እየጠረብኩ አባቴን ያስታመምኩት እኔ ነኝ። እሱ ስሜን ለመደው። አጎቴ አብዱረህማን ግን እንቢ አለ።

ጀናዛው ሲነሳ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ በትከሻዬ ያዝኩ።

«አንቺ ከሴቶቹ ጋር ቤት ቅሪ» አለኝ አጎቴ ጥርሱን ነክሶ።

ቃሬዛውን እንደያዝኩ ተራመድኩ። ሬሳ አስቁሞ መጨቃጨቅ ነውር መሆኑን እሱም ያውቃል። ሰዎች ሊያሳርፉኝ ሲጠጉ ቦታዬን አልለቀቅኩም፤ እስከ መቃብሩ ተሸከምኩ።

ሼሁ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው «ወርዶ የሚቀበለው ወንድ ልጅ አለው?» ብለው ጠየቁ።

«የለውም፤ እኔ እወርዳለሁ» አለ አጎቴ።

ጫማውን እስኪያወልቅ አልጠበቅኩትም፤ ዘልዬ ገባሁ።

«አለው!» አልኩ ከጉድጓዱ ውስጥ እጄን ዘርግቼ። «አቀብሉኝ።»

ሁሉም ዞሮ አጎቴን አየው። ዝናቡ መጣል ጀምሯል፤ ሬሳው ይጠብቃል። አባቴን በእግሩ በኩል ይዞ ያቀበለኝ ራሱ አጎቴ ነው።