የአውሮፕላን ቤንዚን

ካፒቴኖ ሞልቴኒ ሳኒን የገደለው ረፋድ ላይ፣ ወልቂጤ በነበረው የጣሊያኖች ጋራዥ በር፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው።

ሳኒ የቤንዚን መጋዘኑ ጠባቂ ነበር። ከስልጤ በኩል የመጣ፣ ዝምተኛ፣ ከሰው ጋር ክፉ ቃል ተለዋውጦ የማያውቅ ሰው። ለካፒቴኖው ከአዲስ አበባ የመጣችለትን አዲስ የእሽቅድምድም መኪና የሞላው እሱ ነው፤ የሞላትም የታዘዘውን፣ ካሚዮኖቹ የሚጠጡትን ቤንዚን ነው። ካፒቴኖው ግቤ ወንዝ ድረስ ወርዶ ሲመለስ ዳገቱ ላይ ሞተሯ ውስጡ መዶሻ ያለ ይመስል ያንኳኳ ጀመር። እሱ ግን አልቆመም፤ ረግጦ ገፋ። አንዱ ፒስተን ተበሳ፤ ቀይዋ መኪና በበሬ ተጎትታ ወልቂጤ ገባች።

«አሸዋ ጨምሮባታል!» ብሎ ጮኸ ካፒቴኖው። አስተርጓሚው ያረጋል ቃሉን ወደ አማርኛ መለሰው። ያረጋል ከጎጃም መጥቶ ከጦርነቱ በፊት ወልቂጤ ላይ ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው።

«ወላሂ የሰጡኝን ነው የሞላሁት» አለ ሳኒ። «በርሜሉ ያው አለ፤ ክፈቱና እዩት።»

ማንም በርሜሉን አልከፈተም። የመጀመሪያው ጥይት ሆዱን መታው። ሳኒ ቁጭ አለ፤ ደክሞት ያረፈ ይመስል ነበር። ሁለት እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ዙሪያውን አየ፤ የሚያውቃቸውን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ አየ። ሁለተኛው ጥይት እስኪተኮስ ብዙ ቆየ፤ ካፒቴኖው ሽጉጡን ይዞ ሲጋራ ይለኩስ ነበር።

ከዚያ ወደ መካኒኩ ዞረ። «በሳምንት ውስጥ ሠርተህ ታስረክበኛለህ። ምን ቤንዚን መጠጣት እንዳለባትም ትነግረኛለህ። ሌላ ጊዜ ብታንኳኳ፣ ቦታው ይኸው ነው» አለና የሳኒን ሬሳ በጫማው ጫፍ ነካ።

መካኒኩ ወልደአማኑኤል ይባላል። የክስታኔ ሰው ነው፤ አርባ ዓመት አልፎታል። አዲስ አበባ በአንድ አርመን ጋራዥ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ከተማዋ በጠላት እጅ ስትወድቅ እህቱ አደይ ወዳለችበት ቡታጅራ ሄዶ ነበር፤ ሞተር ማወቁ ሲሰማ በወታደር ተይዞ ወልቂጤ መጣ። አደይ ከቡታጅራ በላይ፣ ተራራው ሥር ባለች መንደር ከባሏና ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። ተራራው ላይ አርበኞች አሉ። በዚህ ምክንያት ከወልቂጤ በታች ካለው ሜዳ የሚነሱት ሁለት አውሮፕላኖች በየጊዜው ወደዚያ ይሄዳሉ። ባለፈው ወር አሥራ ስምንት ቤት አቃጥለዋል፤ የአደይ ቤት ከቃጠሎው በአንድ የእንሰት ማሳ ርቀት ነው የተረፈው።

ወልደአማኑኤል ሞተሩን ፈታ። አንድ ቅንጣት አሸዋ አልነበረበትም። የፒስተኑ ራስ በእሳት ቀልጦ ተበስቷል። ያረጋልን ጠርቶ አሳየው።

«አየህ፣ ይህ ሞተር ቤንዚኑን ከሌላው አጥብቆ ነው የሚጨምቀው» አለው። «የካሚዮኑ ቤንዚን ኦክታኑ ዝቅተኛ ነው፤ ስድሳ ቢሆን ነው። ሲጨመቅ አይታገሥም፤ ከሰዓቱ ቀድሞ ይፈነዳል። ማንኳኳቱ ያ ነው። ሳኒ ምንም አላደረገም።»

ያረጋል የተበሳውን ፒስተን አገላብጦ አየው። «እና አሁን ምን ልበለው? ሰውዬውን በከንቱ ገደልከው ልበለው?»

«ምንም አትበለው። ከፍ ያለ ኦክታን ትፈልጋለች በለው።»

ከፍ ያለ ኦክታን ያለው ቤንዚን ወልቂጤ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ የአውሮፕላኖቹ። በጣሳ እየታሸገ፣ ሰማንያ ሰባት የሚል ቁጥር ተጽፎበት፣ በወር አንዴ ከአዲስ አበባ ይመጣል። አርበኞች መንገድ ላይ ካሚዮን ስለሚያቃጥሉ አንዳንድ ወር ጭራሽ አይመጣም።

መኪናዋ ተጠግና ስታልቅ ወልደአማኑኤል ሁለቱን ቤንዚን እኩል ቀላቅሎ፣ አንድ ወታደር ጎኑ አስቀምጦ ግቤን ወርዶ ወጣ። ዳገቱ ላይ ጆሮውን ጥሎ አዳመጠ። አላንኳኳችም። ግማሽ በግማሽ ይበቃታል። ወታደሩ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ሲመለስ ካፒቴኖው ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። «እህ? ምን ትጠጣ?»

ወልደአማኑኤል መሬት መሬት አየ። ደሙን ዝናብ አጥቦታል፤ ቦታው ግን ይታወቃል። እውነቱን ቢናገር ማንም አይነካውም። ነገር ግን መኪናዋ የምትጠጣው እያንዳንዱ ጣሳ ቡታጅራ የማይደርስ ጣሳ ነው።

«የአውሮፕላኑን» አለ። «ሙሉውን። ጠብታ የካሚዮን ቤንዚን ከገባባት ፒስተኑ አይቆይም።»

ያረጋል ተረጎመ። ካፒቴኖው ሳቀ፤ ደስ አለው። መኪናዋ እንደ አውሮፕላን መጠጣቷን ለሰው ሁሉ አወራ።

ሰባት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ካፒቴኖው ጧት ወደ ግቤ፣ ከሰዓት ወደ ወሊሶ ይበራል። መንገድ ላይ ያገኘውን ይገጫል። አንድ ቀን ከገበያ የምትመለስ ሴት ገጭቶ ከነሸክሟ ቦይ ውስጥ ጥሏት መጣ። መኪናዋን ያጠባት ወልደአማኑኤል ነው። የመኪናዋ ፊት ላይ የተጣበቀውን ፀጉር በጣቱ እየለቀመ አነሳ። ሴትየዋም እሱ ባስቀዳው ቤንዚን ነው የሞተችው። ያንን አስቦ አያውቅም ነበር።

በስምንተኛው ሳምንት አርበኞች ቡታጅራ አጠገብ አንድ የጣሊያን ጦር ከበው ፈጁ። ሁለቱም አውሮፕላኖች እንዲነሱ ትእዛዝ መጣ። የአውሮፕላኖቹ ሹም የሆነው ማሬሻሎ መጋዘኑን ቢያስከፍት ያለው ቤንዚን ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ሆነ። አንዱ ተነሳ። ወልደአማኑኤል ድምፁ ወደ ምሥራቅ እየራቀ ሲሄድ ጋራዡ ውስጥ ሆኖ ሰማው። ሌላውን ጠበቀ። ሌላው አልተነሳም።

በማግስቱ ማሬሻሎው ጋራዡ ድረስ መጥቶ ከካፒቴኖው ጋር አንገት ለአንገት ተያያዘ።

«ለዚች መጫወቻ ነው አውሮፕላኔን መሬት ላይ ያስቀረኸው?»

«ሌላ አትጠጣም! መካኒኩን ጠይቀው!»

ማሬሻሎው የመኪናዋን መክደኛ ከፍቶ ሞተሩን አየና ቀስ ብሎ ወደ ወልደአማኑኤል ዞረ። ሞተር የሚያውቅ ሰው ነበር። «ለዚህ ግማሽ በግማሽ ይበቃል። ይህን ያህል ሞተር የሚያውቅ ሰው ይህን ያጣዋል?»

ያረጋል ቃሉን ተረጎመ።

ወልደአማኑኤልን ምሰሶ ላይ አሰሩት። ካፒቴኖው ጅራፉን ለያረጋል ሰጠው። ያረጋል መጀመሪያ አላልቶ መታ፤ ካፒቴኖው ሽጉጡን ማጅራቱ ላይ ሲያስደግፍበት ግን ከልቡ መታ። በየመሃሉ «እመን፤ እመንና ይግደሉህ፣ ይሻልሃል» ይለው ነበር በአማርኛ፣ እያለቀሰ። ወልደአማኑኤል «ሙሉውን ነው የምትፈልገው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። ጀርባው ተልጦ ሸሚዙ ከሥጋው ጋር ተጣበቀ።

በመጨረሻ ካፒቴኖው ራሱ ሰለቸው። «እንሞክረዋ» አለ። «ግማሽ በግማሽ ሙሉልኝ። አብሮኝ ይሄዳል። የግቤን ዳገት ስንወጣ ካንኳኳች እውነቱን ነው፤ ይኖራል። ካላንኳኳች አናቱ ላይ ስንደርስ እገድለዋለሁ።»

ማሬሻሎው ራሱ ለክቶ ቀዳ። ወልደአማኑኤልን እጁን ከፊት አስረው ከካፒቴኖው ጎን አስቀመጡት። ወታደር የጫነ ካሚዮን እንዲከተል ታዘዘ፤ ገና ከከተማ ሲወጡ ግን ርቆ ቀረ።

ግቤ ወርደው ድልድዩ ዘንድ ዞሩ። ዳገቱ ተጀመረ። ካፒቴኖው ባርኔጣውን አውልቆ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ጣለ። ወልደአማኑኤልም አዳመጠ። ሞተሯ ያለ አንዳች እንከን ትዘፍናለች። ያጸዳት፣ ያስተካከላት፣ እያንዳንዱን ብሎን ያጠበቀው እሱ ነው። በሕይወቱ እንደዚህ አሳምሮ የሠራው ሞተር አልነበረም።

«ስማ» አለ ካፒቴኖው በተሰባበረ አማርኛ፣ ፈገግ ብሎ። «ምንም። ምንም የለም።»

የመጨረሻው ኩርባ ታየ። ከኩርባው ወዲያ ሜዳ ነው፤ እዚያ መኪናዋ ትቆማለች። ወልደአማኑኤል የታሰሩ እጆቹን አነሳና በካፒቴኖው ራስ ላይ አሳልፎ ገመዱን ጉሮሮው ላይ አጠለቀ። ሁለት እግሩን መኪናዋ ወለል ላይ ተክሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ኋላ ሳበ። ካፒቴኖው መሪውን ለቆ ገመዱን ያዘ። መኪናዋ ከመንገዱ ወጣች።

ሁለቴ ተገለበጠች። ወልደአማኑኤል ገመዱ ከካፒቴኖው አንገት እንዴት እንደተላቀቀ፣ እሱም እንዴት እንደወጣ አያውቅም፤ ሲነቃ እሾህ ላይ ወድቋል፣ ግንባሩ ተሰንጥቋል። መኪናዋ ከበታቹ አንድ ግራር ግንድ ላይ በጎኗ ተደግፋ ቆማለች። የካፒቴኖው እግሮች ከመሪው ሥር ተቀርቅረዋል። ቤንዚኑ እየተንጠባጠበ ነው፤ ሽታው አካባቢውን ሞልቶታል።

«አውጣኝ!» አለ ካፒቴኖው። «አውጣኝ፣ አውጣኝ!»

ወልደአማኑኤል ወረደ። የወረደው ሽጉጡን ሊወስድ ነበር፤ በኋላም ለሰው ሲያወራ እንደዚያ ነው የሚለው። ነገር ግን በታሰሩ እጆቹ የሰውየውን ብብት ይዞ ሳበ። ለምን እንደሳበው አያውቅም። ሰው ሲጮህ እጁ ቀደመው። አንዴ ሳበ፤ የካፒቴኖው አጥንት ሲሰበር ተሰማ። ደግሞ ሊስብ ጎንበስ ሲል ካፒቴኖው አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርሶ ሽጉጡን መዘዘ።

ጥይቱ የወልደአማኑኤልን ጆሮ ቆርጦ አለፈ። እሳቱ ግን ከዚያው ከአፈሙዙ ተነሳ። የቤንዚኑ ትነት አየሩን ሞልቶት ስለነበር ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ነጭ ሆነ።

ወደ ኋላ ወደቀ። እጆቹ ይነዳሉ፤ ገመዱም አብሮ ነዶ ተበጠሰ። አፈር ውስጥ ቀብሮ አጠፋቸው። ካፒቴኖው ረጅም ጊዜ ጮኸ። ወልደአማኑኤል መሮጥ ነበረበት፤ የካሚዮኑ ድምፅ ከላይ ከመንገዱ ይሰማል። ጩኸቱ እስኪያቆም ድረስ ግን ከቁጥቋጦው ሥር መነሳት አቃተው። ሲያቆም ተነሳና ወደ ጫካው ገባ።

ስድስት ቀን ሄደ። እምድብር አጠገብ አንዲት ዘርፈሽዋል የምትባል ሴት ጓሮዋ ውስጥ ወድቆ አገኘችው። ማን እንደሆነ አልጠየቀችውም። እጆቹን ቅቤ ቀብታ በእንሰት ቅጠል ጠቀለለችለት፤ ወታደር የሚያልፍበትን ዋናውን መንገድ ትቶ በየማሳው እንዲሄድም ነገረችው።

የአደይ መንደር የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ከሩቅ ሲያይ ከመንደሩ ገሚሱ ቆሟል፤ ገሚሱ አመድ ነው። ቡታጅራ ገበያ የወጣው ሰው ተርፏል። የአደይ ቤትም ቆሟል። ደጃፉ ላይ ግን ለቅሶ የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ።

ባሏና የመጨረሻ ልጇ ከማሳው ሲመለሱ ነው ቦምቡ ያገኛቸው።

ወልደአማኑኤል አጠገቧ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራት፤ ሳኒን፣ ቤንዚኑን፣ ሊመጡ የነበሩት ሁለት አውሮፕላኖች አንድ መሆናቸውን፣ ቦይ ውስጥ የቀረችውንም ሴት። ለምን እንደሚነግራት አላወቀም፤ ምናልባት «ባትኖር ሁላችንም እናልቅ ነበር» እንድትለው ፈልጎ ይሆናል።

አደይ እስኪጨርስ ሰማችው። «አንዱ በቃን፣ ወንድምዓለም» አለችና ፊቷን አዞረች።

ሁለት ቀን አላናገረችውም። እሱም ከደጃፉ ራቅ ብሎ ከእንሰቱ ሥር ይቀመጥ ነበር። ጎረቤት ምግብ ሲያመጣለት እጆቹ ተጠቅልለው ስለነበር መያዝ አልቻለም፤ ያስቀመጡለት እንዳለ ይመለሳል። የሚያጎርሱት ሰዎች ሲቀርቡትም «በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ» ይል ነበር።

በሦስተኛው ቀን አደይ ከለቅሶው መሀል ተነስታ መጣች። ቆጮና ጎመን በጣባ ይዛለች። ፊት ለፊቱ ተንበርክካ ቆርሳ ወደ አፉ አቀረበችው።

«አደይ፣ እኔ…»

«ዝም በል» አለችው። ዓይኗ ቀልቷል። «ብላ። ነገ መቃብሩ ላይ ድንጋይ የሚደረድር ወንድ የለኝም። በክንድህም ቢሆን ትሸከማለህ።»

ጎረሰ።